ከባህር አጠገብ የተተከለ ሻርዶኔ፦ የደቡብ አፍሪካው ሃሚልተን ራስል የወይን እርሻ የጉዳይ ጥናት

ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ወይን ጠጅ መጠመቅ የተጀመረው በ1659 ነው (እዚህ ላይ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፣ ከዛን ጊዜ ጀምሮ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ገበሬው ወይኑን የሚተክለው ኬፕ ታውን ዙሪያና ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ እነ ስቴለንቦሽና ፓርል ላይ ነው፣ ፀሐይ የጠገበ ሞቅ ያለ አገር። 1975 ላይ ቲም ሃሚልተን ራስል የሚባል ሰውዬ፣ ኑሮው ጆሃንስበርግ ስራው ደሞ ማስታወቂያ የሆነ፣ ሄርማነስ ከምትባል የዓሣ አጥማጆች ከተማ ጀርባ 170 ሄክታር መሬት ገዛ። ሄርማነስ ዛሬ በዓሣ ነባሪ ነው የምትታወቀው፣ ከከተማው ዳርቻ ቆሞ ባህሩ ላይ ሲገላበጡ ማየት ይቻላል። ከኋላዋ ያለው ሸለቆ ሄመል ኤን ኣርደ ይባላል፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሥጋ ደዌ ታማሚዎች ከሰው ተለይተው እንዲኖሩ የተወሰዱበት ቦታ ነው፣ በ1846 ታማሚዎቹ ወደ ሮበን ደሴት እስኪዛወሩ ድረስ። ለወይን ጠጅ የሚመረጥ ቦታ አልነበረም ማለት ነው።

ሰውየው እዛ የሄደው ሌላ ቦታ አጥቶ አይደለም። ለዓመታት ሲፈልግ የነበረው አንድ ነገር ነው፣ ቀዝቃዛ ቦታ። ፈረንሳይ ውስጥ ቡርገንዲ በሚባለው አገር የሚበቅሉትን ሁለት ዓይነቶች፣ ቀዩን ፒኖ ኗርና ነጩን ሻርዶኔ፣ አፍሪካ ላይ በደንብ የሚያበቅል ቦታ ካለ ወደ ደቡብ ጫፍ፣ ወደ ባህሩ የተጠጋ መሆን አለበት ብሎ አሰበ። እኔ ይሄን እርሻ ለጉዳይ ጥናት የመረጥኩት ስለ ሻርዶኔ ሲወራ ሁሌ የሚወራው ስለ በርሜሉና ስለ ጠማቂው እጅ ስለሆነ ነው። የዚህን ቤት ታሪክ ከሥሩ ካየነው ግን ትልልቆቹ ውሳኔዎች የተወሰኑት ወይኑ ገና መሬት ላይ እያለ ነው፣ የት እንደሚተከል፣ ምን እንደሚተከል፣ ከሁሉም በላይ ደሞ ምን እንደማይተከል።

በመጀመሪያ ይሄ "ቀዝቃዛ" የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ እንነጋገር፣ ብዙ ሰው በረዶ የሚወርድበት አገር ነው የሚመስለው። ካርታ ካየን ሄርማነስ ከምድር ወገብ ወደ ደቡብ 34 ዲግሪ ላይ ነች። በሰሜን በኩል ያንኑ ያህል ብንሄድ የምናገኘው ቤይሩትን ነው፣ ቤይሩትን የሚያውቅ ሰው በሐምሌ እዛ ያለውን ሙቀት ያውቀዋል። ቡርገንዲ ደሞ 47 ዲግሪ ላይ ነው፣ በጣም ወደ ሰሜን። ስለዚህ በካርታ ብቻ ብንሄድ ይሄ ሸለቆ ለሻርዶኔ መሞቅ ነበረበት። የሚያድነው አትላንቲክ ነው። እርሻው ከባህሩ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሚርቀው፣ ውሃው ቀዝቃዛ ነው፣ በበጋ ከሰዓት በኋላ ከባህሩ በኩል ነፋስ ይገባና ሸለቆውን ያቀዘቅዘዋል፣ ሰማዩም ቶሎ ቶሎ ይደምናል። ያው ፀሐይ ስቴለንቦሽ ላይ ወይኑን ስትጠብሰው እዚህ ጋ ታበስለዋለች።

ይሄ ለሻርዶኔ ለምን አስፈለገ? ወይን ሲበስል ሁለት ነገር ባንዴ ይሄዳል፣ ስኳሩ ይጨምራል ኮምጣጣነቱ ደሞ ይቀንሳል። ሙቅ ቦታ ላይ ሁለቱም ይሮጣሉ፣ ስኳሩ ሰማይ ይደርሳል (ስኳሩ ነው በኋላ አልኮል የሚሆነው)፣ ኮምጣጣው ደሞ ሽታና ጣዕሙ ሳይደርስ ያልቃል፣ ከዛ ጠማቂው ከውጭ አሲድ ጨምሮ ሊያቃና ይሞክራል። ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ላይ ስኳሩ ቀስ እያለ ይወጣል፣ ሌሊቱ ኮምጣጣውን ያቆየዋል፣ ጣዕሙ ለመድረስ ጊዜ ያገኛል። ሻርዶኔ በተለይ የራሱ ኃይለኛ ሽታ የሌለው ዓይነት ነው፣ እንደ ሙስካት ገና ሲሸቱት እኔ ነኝ አይልም፣ ስለዚህ ያለው ሀብት ያ ኮምጣጣነትና አፍ ላይ የሚሰጠው ስሜት ነው፣ እሱን ካጣ የሚቀረው ከባድና ደብዛዛ መጠጥ ነው። እዛ ለቀማው ባብዛኛው በየካቲት አካባቢ ነው የሚደርሰው። የሚገርመው ዝናባቸው ከኛ ክረምት ጋር ይገጥማል፣ ሰኔ ሐምሌ ነሐሴ እዛም ክረምት ነው ዝናቡም ያኔ ነው የሚወርደው፣ ወይኑ ቅጠሉን አርግፎ ተኝቶ እያለ ማለት ነው፣ ፍሬው በሚበስልበት ወቅት ግን ባብዛኛው ደረቅ ነው።

እንግዲህ ቦታው ተገኘ፣ መሬቱ ተገዛ። ችግሩ ሕጉ ነበር።

በዛን ጊዜ የደቡብ አፍሪካን ወይን ጠጅ የሚቆጣጠረው ኬ.ደብሊው.ቪ የሚባል በ1918 የተቋቋመ የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር ነበር፣ በስም የገበሬ ማኅበር ይባል እንጂ በሕግ የመንግሥት ያህል ስልጣን ተሰጥቶታል። ከ1957 ጀምሮ ኮታ የሚባል ነገር አመጣ፣ ዓላማው ምርት እንዳይበዛና ዋጋ እንዳይወድቅ ነው። ኮታው የሚሰጠው ለመሬቱ ነው፣ ከዚህ በፊት ወይን ሲያመርት ለኖረ መሬት። አስቡት እንግዲህ፣ ያ ማለት ወይን የሚፈቀደው ድሮ በተተከለበት ሞቃት ቦታ ላይ ነው፣ ማንም ተክሎበት የማያውቅ አዲስ ቀዝቃዛ ቦታ ላይ ግን ገና ሳይሞከር በሩ ተዘግቷል። ብዙ የሚያፈራ መሬት ይበረታታል፣ ትንሽ ግን ጥሩ የሚያፈራው ወረፋ ውስጥ እንኳን አይገባም። ሃሚልተን ራስል ከዚህ ሥርዓት ጋር በአደባባይ ለዓመታት ተከራክሯል፣ ማስታወቂያ ሰራተኛ መሆኑ እዚህ ላይ ሳይጠቅመው አልቀረም ብዬ አስባለሁ፣ መናገርና ማሳመን ስራው ነው። ኮታው በመጨረሻ የተነሳው በ1992 ነው፣ እሱ መሬቱን ከገዛ 17 ዓመት በኋላ። ከዛ በኋላ ነው ሌሎች ሰዎች ወደ ባህሩ፣ ወደ ተራራው፣ ወደ ቀዝቃዛው ቦታ በብዛት መሄድ የጀመሩት። ለኔ ከጉዳዩ ሁሉ በጣም የሚያናድደው ይሄ ነው፣ አንድ አገር ምርጥ የሚሆነውን ምርቷን በራሷ ሕግ ለሠላሳ አምስት ዓመት አግታ ኖራለች፣ ያውም ተንኮል ኖሮበት ሳይሆን ዋጋ እንዳይወድቅ በሚል ብቻ።

ከሕጉ ቀጥሎ ያለው ችግር ደሞ ችግኙ ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ከወይን ውጪ ለሚሰራ ሰውም ትምህርት አለው። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ መጀመሪያ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ደህና የሻርዶኔ ችግኝ ማግኘት በጣም ከባድ ነበር። በመንግሥት በኩል ያለው ትንሽ ነው፣ ጥራቱም አያረካም፣ ከውጭ በሕጋዊ መንገድ ለማስገባት ደሞ ኳራንቲኑ ዓመታት ይፈጃል። ኳራንቲኑ ዝም ብሎ ቢሮክራሲ አይደለም፣ የወይን በሽታ በቁራጭ እንጨት ተሸክሞ ነው ከአገር አገር የሚዞረው፣ ግን በጣም ሲረዝም ሰው ይሰለቻል። የተሰለቸውም ሰው ከአውሮፓ ቁራጩን በሻንጣ እየደበቀ ማስገባት ጀመረ፣ ስመጥር የሚባሉ አምራቾች ሁሉ በዚህ ገብተውበታል። ተተከለ፣ አደገ፣ አፈራ፣ ሻርዶኔ ተብሎም ተጠመቀ። ቆይቶ ግን የተወሰነው ሻርዶኔ እንዳልሆነ ታወቀ፣ ኦክስሯ የሚባል ሌላ ነጭ ዓይነት ነው። ነገሩ ጋዜጣ ላይ ወጣ፣ መንግሥት ክሎፐር ኮሚሽን የሚባል አጣሪ አቋቋመ፣ 1986 ላይ ጉዳዩ በይፋ ተመረመረ።

ባለሙያ እንዴት ይሳሳታል ትሉ ይሆናል። በ1999 የወጣ የዲ.ኤን.ኤ ጥናት ነገሩን ግልጽ አድርጎታል፣ ሻርዶኔና ኦክስሯ የአንድ እናትና አባት ልጆች ናቸው፣ ሁለቱም ከፒኖና ጉዌ ብላን ከሚባል የድሮ ተራ ወይን የተወለዱ። ወንድማማች ስለሆኑ ቢመሳሰሉ አይገርምም። የሻርዶኔ ቅጠል ግን አንድ ምልክት አለው፣ ቅጠሉን ገልብጣችሁ አገዳው ከቅጠሉ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ብታዩ ጎደል ያለ ክፍተት አለ፣ እዛ ክፍተት ግርጌ ላይ ጅማቱ ራቁቱን ነው የሚታየው፣ አረንጓዴው ቅጠል ጅማቱን አያለብሰውም። የወይን ቅጠል የሚያነቡ ሰዎች መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው። ኦክስሯ መጥፎ ወይን አይደለም፣ አልዛስና ሉክሰምበርግ ውስጥ በስሙ ተከብሮ ይጠመቃል፣ ችግሩ ኮምጣጣነቱ ዝቅ ያለ ነው። እስቲ አስቡት፣ አንድ ሰው ኮምጣጣው እንዳይጠፋ ብሎ ቀዝቃዛ ቦታ ሲያስስ ኖሮ የተተከለለት ችግኝ በተፈጥሮው ኮምጣጣ የሌለው ቢሆን! የወይን ግንድ ደሞ እንደ ጎመን አይደለም በሚቀጥለው ክረምት ነቅለህ ሌላ አትተክልም፣ ለወግ ያለው ምርት እስኪሰጥ ሦስት ዓመት ይፈልጋል፣ ከተሳሳትክ ሦስቱም ዓመት ከነገንዘቡ ሄደ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ነው በመላ አገሪቱ ትክክለኛ የሻርዶኔ ክሎኖች በሥርዓቱ እየገቡ የተባዙት፣ መጀመሪያ ከካሊፎርኒያው ዴቪስ ዩኒቨርሲቲ በኋላ ደሞ ከፈረንሳይ ዲዦን የመጡት። ክሎን ማለት ከአንድ ከተመረጠ ግንድ እየተቆረጠ የተባዛ ቤተሰብ ነው፣ አንዱ ክሎን ትንንሽ ዘለላ ይሰጣል፣ አንዱ ቀደም ብሎ ይደርሳል፣ አንዱ ሽታው ይበረታል፣ ጎበዝ ገበሬ ቀላቅሎ ይተክላል።

የሃሚልተን ራስል የመጀመሪያ ምርት በ1981 ወጣ፣ መሬቱ ከተገዛ ስድስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ጠማቂው ፒተር ፊንሌሰን ነበር። በዛን ጊዜ እርሻው ላይ ፒኖ ኗርና ሻርዶኔ ብቻ አይደለም የነበረው፣ ካበርኔም ሜርሎም ሶቪኞ ብላንም ተተክሎ ነበር፣ ይሄ የሚገባ ነገር ነው፣ አዲስ ቦታ ላይ የትኛው እንደሚሆንልህ ስለማታውቅ ሁሉንም ትሞክራለህ። ካበርኔ ግን ሙቀት ይፈልጋል፣ እዛ ሸለቆ ውስጥ በየዓመቱ በእርግጠኝነት አይበስልም።

1991 ላይ የቲም ልጅ አንተኒ ሃሚልተን ራስል ኃላፊነቱን ተረከበ። እኔ የዚህ ጉዳይ እምብርት እዚህ ጋ ነው እላለሁ። አባትየው ቦታውን አገኘ፣ ልጅየው ደሞ ቦታውን አጠበበው። አፈሩን አስጠናና ድንጋያማ፣ ሸክላ የበዛበት፣ ሼል ከሚባል ከጭቃ ከተደራረበ ድንጋይ የወጣ አፈር የትኛው እንደሆነ ለየ፣ ከእርሻው ውስጥ ወደ 52 ሄክታር የሚሆነው ብቻ ነው ይሄ አፈር ያለው፣ ወይኑንም እዛ ላይ ወሰነ። አሸዋማው መሬት ባዶውን ይቅር አለ። ዓይነቱንም ወደ ሁለት አወረደው፣ ፒኖ ኗርና ሻርዶኔ፣ በቃ። ሶቪኞ ብላንን ጨርሶ አልተወውም፣ ሰዘርን ራይት የሚል ሌላ ስም አውጥቶ ለብቻው አደረገው፣ ፒኖታዥ የሚባለውን ቀይ ወይንም ጨምሮ (ሰዘርን ራይት እዛ ባህር የሚመጣው የዓሣ ነባሪ ዓይነት ስም ነው)። ሃሚልተን ራስል የሚለው ስም ግን ሁለት መጠጥ ላይ ብቻ ቀረ።

ይሄ በወሬ ቀላል ይመስላል፣ በተግባር ግን በጣም ከባድ ውሳኔ ነው። 1990ዎቹ መጀመሪያ ማለት አፓርታይድ እያለቀ፣ ማዕቀቡ እየተነሳ፣ የውጭ ገበያ ገና እየተከፈተ ያለበት ጊዜ ነው፣ አብዛኛው አምራች "አሁን ነው ሁሉንም ዓይነት ይዘን መውጣት ያለብን" የሚልበት ወቅት። እሱ ግን ለሚመጣው ገዢ ሁለት ጠርሙስ ብቻ አሳየ። ገዢ ደሞ አንድን ስም ከአንድ ነገር ጋር አያይዞ ነው የሚያስታውሰው፣ ለንደን ያለ ሬስቶራንት የደቡብ አፍሪካ ሻርዶኔ ሲፈልግ የሚደውልለት ሰው ታወቀ ማለት ነው። የኛ አገር ነጋዴ ጋ ብዙ ጊዜ የማየው ተቃራኒውን ነው፣ አንዱ ነገር ገና ሳይቆም ሌላው ይጨመራል፣ ማርም ቡናም ወይን ጠጅም በአንድ ሌብል፣ ከዛ ሁሉም መካከለኛ ሆኖ ይቀራል።

ሸክላ አፈሩ ምን ያደርጋል ለሚል፣ ሸክላ ውሃ ይይዛል፣ በደረቁ በጋ ለሥሩ ቀስ እያለ ይለቅለታል፣ ስለዚህ ወይኑ በጥም አይደነግጥም። ድንጋዩ ደሞ ግንዱ ከልክ በላይ እንዳይፋፋ ያደርጋል፣ ነፋሱም ያግዘዋል፣ ፍሬው ትንንሽ ይሆናል ምርቱም ያንሳል። ጣዕሙ ላይ የሚመጣው የሎሚና የፒር ሽታ፣ ጠበቅ ያለ ኮምጣጣነት፣ መጨረሻ ላይ ደሞ ጨው ጨው የሚል ድርቀት ነው። ብዙ የወይን ጠጅ ጸሐፊዎች ይሄን ሻርዶኔ ከአገሪቱ ምርጦች ተርታ ነው የሚያስቀምጡት፣ ከቡርገንዲ ጋር እያወዳደሩ የሚጽፉም ብዙ ናቸው። የሚገርመው አባትየው መጀመሪያ ሲያልም የነበረው በቀዩ በፒኖ ኗር ነው፣ ነጩ ግን ከዓመት ዓመት ሳይዋዥቅ የቤቱን ስም ተሸክሞ ሄደ።

አሁን ጓዳው ውስጥ እንግባ። የሻርዶኔ አጠማመቅ ከጠላ የሚከብድ ነገር የለውም በመርህ ደረጃ፣ የሚከብደው መቼ እጅህን እንደምትሰበስብ ማወቁ ላይ ነው። ዘለላው በእጅ ይለቀማል፣ በጠዋት፣ ሳይሞቅ። ከነአገዳው ሙሉውን ዘለላ መጭመቂያው ውስጥ ይገባል፣ አገዳው እንደ ቦይ ሆኖ ጭማቂውን መውጫ ስለሚሰጠው ሳይጨፈላለቅ በቀስታ ይጨመቃል፣ ከልጣጩ የሚወጣው መራራ ነገርም ያንሳል። ጭማቂው ትንሽ አርፎ ጭቃው ወደ ታች ከወረደ በኋላ ወደ ፈረንሳይ ኦክ በርሜል ይገባል፣ እዛው በርሜሉ ውስጥ ይብላላል። እርሾው ስኳሩን በልቶ ሲጨርስ ሞቶ ወደ ታች ይወርድና አተላ ይሆናል፣ ጠላ ላይ አተላው ይለያል፣ እዚህ ግን ሆን ተብሎ ለወራት እዛው ይተዋል፣ አንዳንዴም በዘንግ ይማሰላል፣ ለመጠጡ ወፈር ያለ፣ ዳቦ ዳቦ የሚል ነገር ይሰጠዋል፣ ከአየርም ይጠብቀዋል። ሃሚልተን ራስል ቤት በተጨማሪ ትንሹን ክፍል በሸክላ ጋን ነው የሚጠምቁት፣ ሸክላው የእንጨት ሽታ ስለማይሰጥ ፍሬው ጎልቶ ይወጣል፣ በኋላ ከበርሜሉ ጋር ይቀላቀላል።

ከዛ አንድ ውሳኔ አለ፣ ከወይኑ ኮምጣጣ አንዱ ዋናው ማሊክ የሚባለው የአረንጓዴ አፕል ዓይነት ጠንካራ አሲድ ነው፣ ባክቴሪያ ሲገባበት ወደ ላክቲክ ማለትም ወደ እርጎ ዓይነት ለስላሳ አሲድ ይቀየራል። በዚህ ጊዜ ዳይአሴትል የሚባል ቅቤ ቅቤ የሚል ሽታ ይመጣል። በ1990ዎቹ ዓለም ላይ ፋሽኑ ይሄ ነበር፣ ቅቤ የሚሸት፣ በአዲስ በርሜል የታጨቀ፣ ወፍራም ሻርዶኔ፣ ከዛ ሰው ሰለቸውና ከነጭራሹ ሻርዶኔ አታሳዩኝ የሚል ትውልድ መጣ። ያኔ ያልወደቁት ቀዝቃዛ ቦታ ላይ ያሉት ናቸው፣ ምክንያቱም ኮምጣጣቸው ከመጀመሪያውም ስለሚበዛ ማሊኩ ቢቀየርም የሚተርፍ አላቸው፣ በርሜሉም እንዳይጮህ አድርገው መያዝ ይችላሉ። ሙቅ ቦታ ላይ ያለ ሰው በእንጨትና በቅቤ የሚሸፍነው ባዶነት ነበረው፣ እነዚህ የሚሸፍኑት የላቸውም።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ አንድ የተለመደ የቡርገንዲ በርሜል 228 ሊትር ይይዛል፣ በ750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 304 ጠርሙስ ገደማ ነው። አዲስ የፈረንሳይ በርሜል በመቶዎች በሚቆጠር ዩሮ ነው የሚገዛው፣ ሽታው ከጥቂት ዓመት በኋላ ያልቃል። አንድ ሄክታር አምስት ቶን ወይን ቢሰጥና ከቶኑ 650 ሊትር ቢጨመቅ 3,250 ሊትር ነው፣ ወደ 4,300 ጠርሙስ ማለት ነው፣ ይሄ ለምሳሌ ያሰላሁት እንጂ የነሱ መዝገብ አይደለም። ሙቅ ሜዳ ላይ በመስኖ የሚለማ ወይን ከዚህ ብዙ እጥፍ ያፈራል። ስለዚህ ትንሽ ቤት በብዛት ተወዳድሮ መቼም አያሸንፍም፣ ያለው መንገድ ጠርሙሱን በውድ መሸጥ ነው፣ በውድ ለመሸጥ ደሞ ስም ያስፈልጋል፣ ስም ደሞ ዓመታት ይፈጃል። እዚህ ጋ እውነቱን መናገር ያስፈልጋል፣ ቲም ሃሚልተን ራስል ከማስታወቂያ ስራው ገቢ ነበረው፣ መሬት የመግዛት ዕድልም በቆዳ ቀለም በሚታደልበት አገር ውስጥ ነጭ ነበር። ስድስት ዓመት ያለ አንድ ጠርሙስ መጠበቅ የቻለው ለዚህ ነው። ይሄን ጉዳይ አንስቶ "ራዕይና ጽናት" ብቻ ብሎ የሚያስተምር ሰው ግማሹን ደብቆ ነው የሚያስተምረው።

በሽታውም አልለቀቃቸውም። መላው የደቡብ አፍሪካ ወይን የሚቸገርበት ሊፍሮል የሚባል ቫይረስ አለ፣ ቅጠሉን ያጠቀልለዋል፣ የፍሬውን መብሰል ያዘገየዋል። የሚያዛምተው ሚሊ ባግ የምትባል ዱቄት የተነፋባት የምትመስል ደቃቅ ነፍሳት ናት። በቀይ ወይን ላይ ቅጠሉ ደም ስለሚመስል ከሩቅ ይታወቃል፣ እንደ ሻርዶኔ ባሉ ነጮች ላይ ግን ትንሽ ቢጫ ከማለትና ከመጠቅለል በቀር ብዙ ምልክት የለውም፣ ላብራቶሪ ካልመረመረው ጤነኛ ነው ብለህ ትቆርጥና ችግኝ አድርገህ ታባዛዋለህ። መድኃኒት የለውም፣ መፍትሔው ነቅሎ ንጹሕ ችግኝ መትከል ነው፣ ከዛ እንደገና ሦስት ዓመት።

ሌላው ከዚህ ቤት የወጣው ነገር ሰው ነው። ፒተር ፊንሌሰን ወጥቶ ከቡርገንዲው ፖል ቡሻር ጋር ሆኖ እዛው ጎረቤት ቡሻር ፊንሌሰን የሚባለውን የወይን ጠጅ ቤት አቋቋመ። ከሱ በኋላ ከመጡት ጠማቂዎች ውስጥ ኬቨን ግራንት አታራክሲያን፣ ሃነስ ስቶርም ደሞ በራሱ ስም ስቶርም ዋይንስን ከፈቱ፣ ሁለቱም ከአካባቢው አልራቁም። እነ ኒውተን ጆንሰንና ክሪኤሽን የሚባሉትም በዛው ሸለቆና ከፍታ ላይ መጡ። አሠሪ ብዙ ጊዜ ሠራተኛው ወጥቶ ጎረቤት ሲከፍት እንደ ክህደት ነው የሚያየው፣ እዚህ ግን ለቀድሞው አሠሪም ጠቅሟል፣ አንድ እርሻ ብቻውን ሲጮህ ዕብድ ነው የሚባለው፣ አሥር ሲሆኑ አካባቢው ስም ይሆናል። ሸለቆው በ2006 በራሱ ስም የተከለለ የወይን ቀበሌ ሆኖ ተመዘገበ፣ ቀጥሎ ከፍ ያሉት ክፍሎችም ለየብቻ ተከለሉ፣ አሁን በአንድ መንገድ ላይ ሦስት ቀበሌ አለ፣ አፈራቸውና ከባህሩ ያላቸው ርቀት ስለሚለያይ።

ለኛ አገር ሰው ይሄ ሩቅ ወሬ አይደለም። ዝዋይ ላይ የካስቴል ወይን ጠጅ ፋብሪካ ሪፍት ቫሊ በሚለው ስሙ ሻርዶኔ ያመርታል፣ የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች ገበያ የወጡት በ2014 ነው። ዝዋይ ባህር የለውም፣ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ነው ያለው፣ ቅዝቃዜው የሚመጣው ከላይ ነው። ልዩነቱ ግን እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ወይኑ ቅጠሉን አርግፎ የሚተኛበት እውነተኛ ብርድ የለም፣ መቼ እንደሚነሳና መቼ እንደሚያፈራ የሚወስነው ገበሬው በመቀሱና በውሃው ነው። በግሌ የሚያጓጓኝ ከዝዋይም ከፍ ያለ ቦታ ነው፣ 2,000 ሜትር አካባቢ፣ ሌሊቱ የሚበርድ፣ ለቀማው ከዝናቡ ውጪ እንዲወድቅ ተደርጎ የተገረዘ። እዛ ላይ ሻርዶኔ ልትከል የሚል ሰው ካለ ከበርሜሉ በፊት ቴርሞሜትር ይስቀል፣ ሁለት ዓመት የሌሊቱን ሙቀት ይጻፍ፣ ሜትር ተኩል ጉድጓድ እያስቆፈረ አፈሩን ይይ፣ ችግኙን በላብራቶሪ ያስመርምር። ይሄ ሁሉ ተደምሮ ከአንድ ሄክታር ስህተት ተከላ ይረክሳል።

ጠርሙሱን የማግኘት ዕድል ያለው ሰው፣ በተለይ ደቡብ አፍሪካ ወይ ለንደን ያለ፣ ፍሪጅ ውስጥ አድሮ በረዶ የሆነ ሻርዶኔ እንዳይጠጣ፣ ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ይበቃዋል፣ ማለትም ከፍሪጅ ወጥቶ ሩብ ሰዓት ያህል ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። ሲበርድ ኮምጣጣው ብቻ ነው የሚሰማው፣ ትንሽ ሲለቅ ፍሬው ይመጣል። ከተቻለ ሁለት የተለያየ ዓመት ጎን ለጎን ይከፈት፣ አዲሱና አምስት ስድስት ዓመት የቆየው፣ የቆየው ላይ ሎሚው ወደ ማርና ለውዝ ይዞራል ኮምጣጣው ግን እንዳለ ነው። ከምግብ ከዓሣ ጋር ይሄዳል፣ ከአልጫ ዶሮም ጋር፣ በርበሬ ከበዛበት ወጥ ጋር ግን አይስማማም፣ በርበሬው የመጠጡ አልኮል አፍ ላይ እንዲያቃጥል ያደርገዋል ጣዕሙንም ይውጠዋል።